ደም ቅዳ ቧንቧ ሳይደድር ቀድሞ መድረስ፦ አደጋን የመለየትና የማስላት ዝርዝር መመሪያ

ታላቅ ወንድሜ በ47 ዓመቱ ለአጠቃላይ ምርመራ ሄዶ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሣ። ወረቀቱን ያየው ባለሙያ «ልብህ ጤነኛ ነው፣ አትጨነቅ» ብሎ አሰናበተው። እኔ በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ወረቀቱን ሲያሳየኝ አብሬው ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሌሊት ላይ በላብ ተዘፍቆ፣ ደረቱን በእጁ ጨብጦ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ልቡን ከሚመግቡት ደም ቅዳ ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ተዘግቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል፤ በዚያ የምርመራ ቀን አባታችን በ52 ዓመቱ በድንገት እንደሞተ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዕድሜውን፣ የደም ግፊቱን፣ ማጨሱንና የአባቱን አሟሟት አንድ ላይ አስቀምጦ ያሰላ ማንም አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። የደም ቅዳ ቧንቧ መደደርን ቀድሞ ማወቅ በአብዛኛው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ልኬት፣ ከዚያ ስሌት፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ሲሆን ብቻ የምስል ምርመራ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ወንድሜ ላይ የደረሰው ይደርሳል።

ቧንቧው ውስጥ የሚሆነው

የበሽታው ሳይንሳዊ ስም አተሮስክለሮሲስ ነው። ስሙን በ1904 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ያወጣው ጀርመናዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ፌሊክስ ማርሻንድ ሲሆን፣ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጣምሮ ነው፤ አንደኛው ገንፎ፣ ሁለተኛው መደደር ማለት ነው። ስሙ በሽታውን በትክክል ይገልጸዋል። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት በቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ሥር ገብቶ ይቀራል። ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ይመጡና ስቡን ጠግበው እዚያው ይሞታሉ። በዚህ ሁኔታ እንደ ገንፎ የላላ ክምችት ይፈጠራል፤ ሰውነት በጠባሳ ይሸፍነዋል፤ በኋላም ካልሲየም ገብቶበት ይደድራል።

ክምችቱ የሚያድገው በግድግዳው ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቧንቧው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ውጭ እየሰፋ ለደሙ መንገድ ይለቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ብዙ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚመጣውም ቧንቧው ቀስ በቀስ ጠቦ ጠቦ ሲያልቅ አይደለም። የላላው ክምችት ስሱ ሽፋኑ ይቀደድና በቁስሉ ላይ ደም ይረጋል፤ ትናንት በነጻነት ደም ያስተላልፍ የነበረ ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል።

መቼ ይጀምራል? በ1953 የታተመ አንድ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነው። ከ77 በመቶ በሚበልጡት ላይ፣ ከትንሽ የግድግዳ ውፍረት እስከ ሙሉ መዘጋት የሚደርስ የበሽታው ምልክት ታየ። ይህ አኃዝ ለእኔ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያጽናናው ያመዝናል። በሃያዎቹ ጀምሮ በሃምሳዎቹ የሚገድል በሽታ የሠላሳ ዓመት ዕድል ይሰጠናል ማለት ነውና።

እርምጃ 1፦ ምልክት ካለ ስሌት ውስጥ አይግቡ

የሚቀጥሉት እርምጃዎች ምንም ለማይሰማው ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ዳገት ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ ደረትዎን የሚጫንዎና ሲያርፉ የሚለቅዎ ነገር ካለ፣ ትንሽ ተራምደው የባት ሥጋዎ የሚጨብጥዎና ቆም ሲሉ የሚተውዎ ከሆነ፣ አደጋውን የማስላት ጊዜ አልፏል፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደረት ላይ የተቀመጠ የማይለቅ ክብደት ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ፣ ወይም ፊት ሲጣመም፣ አንድ ክንድ ሲዝልና ንግግር ሲተሳሰር ደግሞ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የፊቱና የክንዱ ምልክት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠፍቶ ቢመለስም እንኳ መሄድ ግዴታ ነው።

ሰዎች አፍረው የማያነሡት አንድ ምልክትም አለ፤ ስንፈተ ወሲብ። ወደ ወንድ ብልት ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ከልብ ቧንቧዎች የቀጠኑ በመሆናቸው የደም ዝውውር ችግሩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ከልብ ሕመሙ ጥቂት ዓመታት ሊቀድም ይችላል። በየዕለቱ ከማያቸው ታካሚዎች ይህን በራሱ አንደበት የሚነግረኝ ከስንት አንድ ነው። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

እርምጃ 2፦ ደብተር ይክፈቱና ቤተሰብዎን ይጠይቁ

ለዚህ ሥራ አንድ ደብተር ይመድቡ። የመጀመሪያው ገጽ የቤተሰብ ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድምና እኅት፤ እያንዳንዱ በሕይወት አለ ወይ፣ ከሌለ በስንት ዓመቱ በምን ሞተ፣ ካለ ደግሞ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የእግር ደም ቧንቧ መዘጋት፣ የስኳር ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለበት ወይ?

መስመሩ ይህ ነው፦ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 ዓመት በፊት የልብ ወይም የአንጎል ደም ቧንቧ ሕመም ካጋጠማቸው የእርስዎ አደጋ ከፍ ይላል። ታዲያ ስትጠይቁ «አባታችን ልብ ነበረበት ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ድንገት ነው የሞተው»፣ «ተኝቶ አልነቃም»፣ «ሥራ ላይ እያለ ወደቀ» የሚሉ መልሶች በውስጣቸው ብዙ ጊዜ የልብ ሕመም አለ። በእኛ ቤት ለሃያ ዓመት «አባታችን በድንገት ነው የሞተ» ስንል ኖርን፤ የሞቱን ምክንያት ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

የዓይን ጥቁሩ ክፍል ዳር ላይ ከ45 ዓመት በፊት የታየ ነጭ ቀለበት፣ ወይም የተረከዝ ጅማትና የእጅ ጣት መገጣጠሚያዎች ጀርባ ላይ ያለ ጠንካራ እብጠት በቤተሰቡ ካለ እሱንም ይጻፉ። እነዚህ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ሕመም ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱን ያጠቃል፤ አብዛኛው ሰው ግን እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል።

እርምጃ 3፦ የደም ግፊትዎን በቤትዎ፣ በሥርዓቱ ይለኩ

በዚህ እርምጃ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ በሥራዬ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ደረጃ ወጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተናድዶ ይገባል፤ ወንበር ላይ ገና ሳይደላደል ክንዱ ይታሰራል፤ እየተናገረ ይለካል። ያ ቁጥር የደም ግፊቱ ሳይሆን የመንገዱ ድካም ነው። ሌላው ደግሞ በክሊኒክ ደህና ሆኖ ቤቱ ሲገባ የሚጨምርበት አለ፤ ይህኛው ሳይታወቅ ስለሚቆይ የበለጠ ይጎዳል።

የሚያስፈልግዎ በክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ መለኪያ ነው። በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው የተሻለ አስተማማኝ ነው። ማሰሪያው ለክንድዎ ውፍረት የሚመጥን ይሁን፤ የጠበበ ማሰሪያ ግፊቱን ከሆነው በላይ ያሳያል።

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ የአካል እንቅስቃሴ አያድርጉ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን ወንበር ላይ አስደግፈው፣ ሁለት እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው ለ5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። እጅጌዎን ይሰብስቡ ወይም ያውልቁ፤ ከልብስ በላይ አይታሰርም። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ የማሰሪያው መሐል ከልብዎ ትይዩ ይሁን። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ክንድዎ ከልብዎ በታች 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል በደሙ ክብደት ብቻ ንባቡ 8 ነጥብ ገደማ ይጨምራል። 132 የነበረው 140 ሆኖ ሰውን የሕመምተኛ መዝገብ ውስጥ ያስገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኩ ሁለቱንም ክንዶች ይለኩና ከፍ ባለው ይቀጥሉ። በሁለቱ መካከል ደጋግሞ ከ10 በላይ ልዩነት ከታየ ለሐኪም ይንገሩ፤ ወደ አንዱ ክንድ የሚሄደው ቧንቧ መጥበብ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ጠዋት የሚሆነው የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመዋጥዎ በፊት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ይጣሉት፤ ሰው ከመሣሪያው ጋር እስኪላመድ የሚመጣ ቁጥር ነው። የቀሩትን 24 ንባቦች ደምረው ለ24 ያካፍሉ። አማካዩ የላይኛው 135 ወይም የታችኛው 85 ከደረሰ፣ በብዙ አገሮች መመሪያ መሠረት የደም ግፊት ሕመም ነው፤ የአሜሪካው መመሪያ ደግሞ ከ130 በ80 ጀምሮ ይቆጥረዋል። ደብተሩ ላይ የሚገባው አማካዩ ነው፤ ከሁሉ ከፍ ያለውን ብቻ መርጦ መደንገጥ፣ ዝቅ ያለውን መርጦ መጽናናትም ያስታል።

እርምጃ 4፦ ወገብና ትንባሆ

ይህ አጭር ነው። በመለኪያ ሜትር ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሐል፣ ትንፋሽ አውጥተው ወገብዎን ይለኩ። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ 170 ሴንቲሜትር የሚረዝም ሰው ከ85 በታች ይሁን። ክብደታቸው ደህና ሆኖ ሆዳቸው የገፋ ሰዎችን ይህ ልኬት ይይዛቸዋል።

ትንባሆን በተመለከተ እውነቱን ይጻፉ፤ «አልፎ አልፎ» የሚለውም ማጨስ ነው። ካቆሙ ደግሞ ያቆሙበትን ዓመት ይጻፉ። ማጨስ ያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚሠራ መድኃኒት አላውቅም።

እርምጃ 5፦ የደም ምርመራውን ይጠይቁ፣ ውጤቱንም ራስዎ ያንብቡ

የሚጠየቀው የኮሌስትሮል ምርመራ በአራት ክፍሉ ነው፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል («ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ኤልዲኤልና ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ ዓይነት)። ከእሱ ጋር የስኳር (በተቻለ መጠን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ) እና የኩላሊት ምርመራ ይሠራ። ለኮሌስትሮሉ መጾም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ሆኖ ከመጣ ግን ጾመው ይድገሙት።

አንድ ወረቀት አብረን እናንብብ። ጠቅላላ 228፣ ኤችዲኤል 42፣ ትራይግሊሰራይድ 180 ነው እንበል፤ ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን የሚያገኙት በስሌት ነው። ከ1972 ጀምሮ የሚሠራበት የፍሪድዋልድ ቀመር ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ያካፍላል፤ 36 ይሆናል። ከ228 ላይ 42ና 36 ሲቀነስ 150 ይቀራል። ኤልዲኤሉ ይኸው ነው። ወረቀትዎ በሚሊሞል በሊትር ከሆነ ደግሞ 150ን ለ38.67 ያካፍሉ፤ 3.9 ገደማ ይመጣል።

አሁን ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ቁጥር ራስዎ ያውጡ፦ ጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉን ይቀንሱ። 228 ሲቀነስ 42፣ 186። ይህ ኤችዲኤል ያልሆነው ኮሌስትሮል ይባላል፤ ግድግዳው ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን ቅንጣቶች ሁሉ የተሸከሙትን ስብ ይይዛል። በተለይ ስኳርና ውፍረት ላለበት ሰው ኤልዲኤል ብቻውን ከሚያሳየው በላይ እውነቱን ይናገራል። አፖቢ የሚባል ምርመራ በአቅራቢያዎ ካለ ደግሞ የቅንጣቶቹን ብዛት ስለሚቆጥር ይበልጣል።

ኤልዲኤል 190ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጣዩን ስሌት አይጠብቁ። በዘር የመጣ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ሐኪም ያነጋግሩ። ኤችቢኤዋንሲ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ወደ ስኳር ሕመም እያመራ ነው፤ 6.5ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው።

አንድ ምርመራ ደግሞ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ቢሠራ ይበቃል፦ ሊፖፕሮቲን ኤ። ይህ የኤልዲኤል ወንድም የሆነ ቅንጣት ነው፤ መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው ዘር ነው። አመጋገብና ስፖርት እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህ ቀጭንና ንቁ በሆነ ሰው ላይም ከፍ ብሎ ይገኛል። 50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም 125 ናኖሞል በሊትር ከደረሰ አደጋን ይጨምራል፤ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከዚህ በላይ አለው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ አዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመረው መክሯል። በወረቀቱ ላይ የመለኪያ አሃዱን ሳያዩ ቁጥሩን አይተርጉሙ፤ ሁለቱ አሃዶች በቀላል ማባዛት አይለዋወጡም።

እርምጃ 6፦ የአሥር ዓመቱን አደጋ ያስሉ

እስካሁን የጻፉት ሁሉ እዚህ ላይ ይገናኛል። የአደጋ ስሌት የመጣው በ1948 በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ሰዎችን መዝግቦ ለአሥርተ ዓመታት ከተከታተለው ጥናት ነው። ጥናቱ ያስተማረን ትልቁ ነገር፣ በመጠኑ ከፍ ያለ ግፊት፣ በመጠኑ ከፍ ያለ ኮሌስትሮልና ጥቂት ሲጋራ ሲደመሩ አንድ ብቻውን በጣም ከፍ ካለ ቁጥር ሊብሱ እንደሚችሉ ነው። «ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው» የሚል ሰው ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የወጡ ሰንጠረዦች አሉት። ዓለምን በ21 ክፍለ አካባቢዎች ከፍለዋል፤ የሚጠቀሙት የራስዎን ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ይጠይቃል። ሁለተኛው ላቦራቶሪ ለሌለበት ቦታ የተዘጋጀ ነው፤ በኮሌስትሮሉና በስኳር ሕመሙ ፋንታ የክብደትና የቁመት ምጣኔን ይወስዳል። በዕድሜዎ መስመር ገብተው፣ በግፊትዎ ረድፍ ሄደው የሚገናኙበትን ሳጥን ያንብቡ። አረንጓዴው ከ5 በመቶ በታች፣ ቢጫው ከ5 እስከ 10፣ ብርቱካናማው ከ10 እስከ 20፣ ቀዩ ከ20 እስከ 30፣ ጥቁር ቀዩ 30ና ከዚያ በላይ ነው። 12 የሚል ሳጥን ላይ ካረፉ፣ እንደ እርስዎ ካሉ 100 ሰዎች 12ቱ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የልብ ወይም የአንጎል ደም ቧንቧ አደጋ ያጋጥማቸዋል ማለት ነው።

በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሠሩም አሉ። አውሮፓውያን በ2021 ስኮር ሁለትን፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 ፕሪቬንትን አውጥተዋል። የኋለኛው የኩላሊትን አቅም ይጨምራል፤ ከ30 ዓመት ጀምሮ ያሰላል፤ የ30 ዓመቱንም አደጋ ያሳያል። ይህን የምወደው ለወጣቶች ነው። የ35 ዓመት አጫሽ የአሥር ዓመት አደጋው ሁልጊዜ ትንሽ ሆኖ ይወጣል፤ ዕድሜው ነው የሸፈነለት። የ30 ዓመቱን ሲያይ ግን ዝም ይላል።

እርምጃ 7፦ ስሌቱ ያላየውን ይጨምሩ

ሰንጠረዡ ስለ አባትዎ አልጠየቀዎትም። የወንድሜን ቁጥሮች በኋላ ተቀምጬ ሳሰላ መካከለኛ አደጋ ላይ ወደቀ፤ ከፍ የሚያደርገው የአባታችን ታሪክና ሊፖፕሮቲን ኤ ነበሩ፤ ሁለቱም ሰንጠረዡ ላይ የሉም። ስለዚህ ከስሌቱ ቀጥሎ እነዚህን ይጻፉ፦ ቀድሞ የመጣ የቤተሰብ ሕመም፣ የቆየ የኩላሊት ሕመም፣ የቁርጥማት አንጓ ብግነት፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም) እና ሶሪያሲስ (የቆየ የቆዳ ሕመም)፣ ኤችአይቪ በደም ውስጥ መኖር። ከቤተሰብ ታሪኩ በቀር እነዚህ ሕመሞች ቧንቧውን ለረጅም ጊዜ በብግነት ያቆዩታል።

ሴቶችን በተለይ ልናገር። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት መጨመር ከፕሮቲን በሽንት መውጣት ጋር (ፕሪኤክላምፕሲያ)፣ የእርግዝና ስኳር፣ ያለጊዜው መውለድ፣ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ መቋረጥ፤ እነዚህ ከሃያ ዓመት በኋላም ስለ ልብ ይናገራሉ። «እሱ ከወሊዱ ጋር አለፈ» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ለሚያክማችሁ ሐኪም ሁሉ ንገሩ።

እርምጃ 8፦ ምስል የሚያስፈልገው መልሱ ውሳኔን ሲለውጥ ነው

አደጋዎ ዝቅተኛ ከሆነ ምስሉ የሚጨምርልዎ ነገር የለም። በጣም ከፍተኛ ከሆነም ሕክምናው ያለ ምስሉ ይጀመራል። ምስሉ የሚጠቅመው መሐል ላይ ላለ፣ «መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?» ለሚል ሰው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የልብ ቧንቧ ካልሲየም ልኬት ነው። ያለ መርፌ፣ ያለ ቀለም የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ትንፋሽ ያዝ አድርገው ይተኛሉ። ጨረሩ ወደ 1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ቁጥሩ የሚሰላው በ1990 አጋትስተንና ባልደረቦቹ ባወጡት ዘዴ ነው። 0 ከሆነ ካልሲየም አልታየም። ከ1 እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 በላይ ውሳኔን ወደ ሕክምና የሚገፋ ነው። ሜሳ በሚባለውና ከ2000 ጀምሮ 6,814 ሰዎችን በተከታተለው የአሜሪካ ጥናት፣ ቁጥራቸው ከ100 ያለፈ ሰዎች የልብ ሕመም አደጋቸው 0 ከሆኑት በግምት ከሰባት እጥፍ በላይ ነበር።

ሆኖም 0 ማለት ነጻ ማለት አይደለም። ካልሲየም የሚገባው ክምችቱ ሲያረጅ ነው፤ ገና ገንፎ የሆነው አይታይም። ስለዚህ ወጣት፣ አጫሽ፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም ቀድሞ የመጣ የቤተሰብ ታሪክ ያለው ሰው በ0 አይታለል። ስታቲን (ኤልዲኤልን የሚቀንስ መድኃኒት) እየወሰዱ ደግሞ «ቀንሶ ይሆን?» ብሎ መድገም ትርጉም የለውም፤ መድኃኒቱ ክምችቱን አጠንክሮ ስለሚያረጋው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያም መጥፎ ምልክት አይደለም።

ካልሲየም የሚለካበት ቦታ ከሌለ የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ አልትራሳውንድ አለ። ሪፖርቱ ላይ የሚፈልጉት ክምችት (ፕላክ) አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። የግድግዳውን ውፍረት ብቻ በሚሊሜትር መለካት በመደበኛነት አይመከርም፤ ከለኪ ለኪ ይለያያልና።

ሌላው ቀላሉ የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት ንጽጽር ነው። ታካሚው ጋደም ብሎ ካረፈ በኋላ ከእርሳስ በማትበልጥ የአልትራሳውንድ ብዕር የእግር ትርታው እየተሰማ ግፊቱ ይለካል፤ በክንዱ ግፊት ይካፈላል። ቁርጭምጭሚት 118፣ ክንድ 136 ቢሆን 118 ለ136 ሲካፈል 0.87 ነው። 0.90ና ከዚያ በታች የእግር ቧንቧ መጥበብን ያሳያል፤ ከ1.40 በላይ ደግሞ ቧንቧው ደድሮ አልጨመቅ እንዳለ ይናገራል። ይህን ምርመራ በተለይ ለአጫሽና ለስኳር ሕመምተኛ እወድለታለሁ፤ ብዙዎቹ እግራቸው ሳያማቸው ነው የሚገኝባቸው።

ኢሲጂስ? ምልክት ለሌለውና አደጋው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በዕረፍት የሚነሣ ኢሲጂ የቧንቧ ክምችትን አያሳይም። የልብን ኤሌክትሪክ እንጂ የቧንቧውን ግድግዳ አያይም። ለሌላ ጉዳይ ታላቅ ምርመራ ነው፤ «ቧንቧዬ ንጹሕ ነው» ለማለት ግን አይሆንም።

እርምጃ 9፦ ቁጥሮቹን ይዘው ሐኪም ፊት ይቀመጡ

ደብተሩን ከፍተው በአንድ ገጽ ያቅርቡ፦ የሰባት ቀን አማካይ ግፊት፣ ኤልዲኤልና ኤችዲኤል ያልሆነው፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ የአሥር ዓመት አደጋ፣ የቤተሰብ ታሪክ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አደጋዬ በየትኛው መደብ ነው? የኤልዲኤል ግቤ ስንት ነው? መቼ እንድገመው? ስታቲን ከታዘዘልዎ ምን እንደሚጠብቁ ይወቁ፤ በብዙ ጥናቶች ድምር ኤልዲኤል በ1 ሚሊሞል (39 ሚሊግራም) በቀነሰ ቁጥር ዋና ዋና የልብና የአንጎል ቧንቧ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳሉ። አስፒሪንን ግን «ለልብ ነው» ብለው በራስዎ አይጀምሩ፤ የቧንቧ ሕመም ለሌለው ሰው የማድማት ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

መድኃኒት ከጀመሩ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ኮሌስትሮሉ ይደገማል። ዝቅተኛ አደጋ ላለው ስሌቱን በየ4 እስከ 6 ዓመቱ መድገም ይበቃል፤ ሕይወት ከተለወጠ ግን፣ ለምሳሌ የስኳር ሕመም ከመጣ፣ ወዲያው ነው።

እርምጃ 10፦ ለሥጋ ዘመዶችዎ ይደውሉ

በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከተገኘብዎ እያንዳንዱ ልጅዎ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ የወንድምና የእኅትም እንዲሁ። ሊፖፕሮቲን ኤም በቤተሰብ ይሄዳል። ሲደውሉ «ኮሌስትሮላችሁን ታዩ» ብቻ አይበሉ፤ የምርመራውን ስም፣ የራስዎን ቁጥርና አሃዱን አጽፏቸው።

የወንድሜ ሊፖፕሮቲን ኤ 180 ናኖሞል ሆኖ ተገኘ። የእኔ 160 ሆነ። ታናሽ እኅታችን ዝቅተኛ ናት፤ ስልኩ ላይ አለቀሰች። የወንድሜ የበኩር ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ ምርመራውን ባለፈው ወር ሠርቷል። ቁጥሩ በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ «አባት፣ 52 ዓመት፣ በድንገት» ከሚለው መስመር ሥር ተጽፏል።